የታይሮይድ፣ የአይረንና የካልሲየም ክኒን አብሮ መዋጥ ይቻላል? የእናቴን መድኃኒቶች ሰዓት እርዱኝ

የበኩር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የእናቴን መድኃኒት የምከታተለው እኔ ነኝ። ዕድሜዋ ከ65 አልፏል። በቀን ሰባት ዓይነት ክኒን ትወስዳለች። ያዘዙላት ሐኪሞች የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ሕመም አይቶ ነው የጻፈው። ሰባቱን አንድ ላይ ዘርግቶ "ይኼ ከዚያ ጋር ይሄዳል፣ ይኼኛው አይሄድም" ያለን ሰው እስካሁን የለም።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን 100 ማይክሮ ግራም። ለደም ግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም። ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም። ለደም ማነስ አይረን። ለአጥንት ካልሲየም ካርቦኔት ከቫይታሚን ዲ ጋር።

ሁሉንም የምትወስደው ጠዋት ነው። ቁርስ ከበላች በኋላ፣ በአንድ ጊዜ፣ ወተት ባለው ቡና እያወራረደች። ለእሷ ይህ ቀላል ነው። አንዴ ትውጥና ቀኑን ሙሉ ታርፋለች።

እኔን ያሳሰበኝ ታይሮይዱ ነው። መድኃኒቱ በ50 ተጀመረ። ከዚያ 75 ሆነ። አሁን 100 ደርሷል። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) ግን አሁንም ከመደበኛው በላይ ነው። ድካሙ አለ፤ ብርድ ብርድ ይላታል፤ የሆድ ድርቀቱም አልለቀቃትም። ሐኪሟ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ 125 ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ነግሮናል። አንድም ቀን ሳታስተጓጉል እየወሰደች መድኃኒቱ እንዴት አልሠራም?

መልስ ፍለጋ ያላነበብኩት የለም። አንዱ በባዶ ሆድ ይላል። አንዱ ከምግብ ጋር። አንዱ ማታ። ሁሉንም ለማክበር ብዬ ፕሮግራም ሳወጣ ሰባት አላርም ሆነ። እናቴ ወረቀቱን አይታ "ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ክኒን ስጠብቅ ልውል ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ። ከእነዚህ ውስጥ ሰዓቱ የምር ለውጥ የሚያመጣው የትኛው ነው? በተመቻት ሰዓት ብትወስደው ችግር የሌለውስ የትኛው ነው? የማያስፈልግ ነገር ላይ እንድትጨነቅ አልፈልግም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲያመልጠን አልፈልግም።

የመድኃኒት ቤት መስኮት፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ፋርማሲስት ነኝ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። እናትሽን ስላላየኋቸው የምጽፍልሽን ይዘሽ ለሐኪማቸው አሳዪው። በራስሽ የምታቆሚው ወይም መጠኑን የምትቀይሪው መድኃኒት አይኑር። ሰዓቱን ስታስተካክሉ እንኳ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቀው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ከሰባቱ ውስጥ ሰዓታቸው የምር ለውጥ የሚያመጣው ሌቮታይሮክሲን፣ አይረንና ካልሲየም ናቸው። ኦሜፕራዞል ከምግብ በፊት ይሁን። የቀሩት ሦስቱ ብዙም አያስቸግሩም። ስለዚህ ሰባቱን አላርም እርሺው።

ወደ ታይሮይዱ ልግባ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ሌቮታይሮክሲን ከአንጀት ወደ ደም የሚሻገረው በቀላሉ አይደለም። ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ምግብ ይቀንሰዋል፤ ቡናም ይቀንሰዋል። አይረንና ካልሲየም ደግሞ አንጀት ውስጥ ይይዙታል። አንዴ ከተያያዙ መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። እናትሽ በየማለዳው እነዚህን ሁሉ ያገናኟቸዋል፦ ቁርስ፣ ወተት፣ ቡና፣ አይረን፣ ካልሲየም። ወረቀቱ ላይ 100 ተጽፏል፤ ደማቸው ውስጥ የገባው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ቲኤስኤች አልወርድ ያለው በዚህ ይመስለኛል።

የሚፈለገው እንዲህ ነው። ጠዋት እንደነቁ በንጹህ ውሃ ብቻ ይዋጡት። ቁርሱም ቡናውም ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ለእሳቸው እኔ 60ውን እመርጣለሁ። አይረንና ካልሲየም ደግሞ ከሌቮታይሮክሲን በ4 ሰዓት ይራቁ። በዚህ በ4 ሰዓቱ ላይ አትደራደሪ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርሽ። መጠኑ ከ50 ተነሥቶ 100 የደረሰው መድኃኒቱ በደንብ በማይገባበት ሁኔታ ተለክቶ ነው። ሰዓቱ ሲስተካከል ያው 100 ከበፊቱ በላይ ይገባል። ያኔ ሊበዛባቸው ይችላል። ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በእሳቸው ዕድሜ የበዛ የታይሮይድ ሆርሞን የልብ ምትን ሊያዛባ፣ አጥንትንም ሊያሳሳ ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቀው ያልኩሽ ለዚህ ነው። መጠኑን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ባለበት አቆይቶም ሊመረምር ይችላል። 125ቱ ግን ይህ ሳይጣራ ባይጀመር እመርጣለሁ።

ምርመራው ሰዓቱ ከተስተካከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይሁን። በሁለት ሳምንት ብትለኩት ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ከሌቮታይሮክሲን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ አዲሱ ልክ የሚረጋው ቀስ ብሎ ነው። ቲኤስኤች ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ይከተላል።

ስለ አይረን። ከምግብ ርቆ ሲወሰድ በደንብ ይገባል፤ ሆዳቸውን ካመማቸው ግን ትንሽ ነገር ቀምሰው ይውሰዱት። ሻይ፣ ቡናና ወተት ያግዱታል። ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ይበቃል። ደግሞ ሰውነታችን ውስጥ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አለ። የአይረን በረኛ በይው። የአይረን ክኒን ሲዋጥ ሄፕሲዲን ከፍ ይልና በሩን ለአንድ ቀን ያህል ያጠብበዋል። በማግስቱ ከሚዋጠው ክኒን የሚገባው ያንሳል፤ የቀረው አንጀት ውስጥ ሆኖ ሆድ ያስቸግራል። ለዚህ ነው ዛሬ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች አይረንን አንድ ቀን እያለፉ እንዲወሰድ የሚያዙት። የእናትሽ የሆድ ድርቀት ከታይሮይዱም ከአይረኑም ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ አንሺለት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የደም ማነሱ ምክንያት ታውቋል? የወር አበባ ያቆመች ሴት አይረን ካነሳት ከሆድ ዕቃ የሚፈስ ደም እንዳለ መጣራት አለበት። ይህ ከሰዓቱ ሁሉ ይበልጥብኛል። አይረን ሰገራ ያጠቁራል፤ እሱ አያስደነግጣችሁ። የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ጥቁር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ካልሲየም ካርቦኔት እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ነው። ሰውነት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚቀበለው 500 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከታዘዘላቸው ለሁለት ይከፈል። ቫይታሚን ዲ በስብ ስለሚሟሟ እሱም ምግብ ይወዳል፤ ምሳ ለሁለቱም ይመቻል። ግን ኦሜፕራዞሉ አሲዱን እየቀነሰው ነው። አሲድ የማያስፈልገው ካልሲየም ሲትሬት አለ፤ ሐኪሙ መቀየር ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ የማድረግ ጠባይ አለው። ከካልሲየምና ከቫይታሚን ዲ ጋር ሲደመር በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ሊል ይችላል። በሚቀጥለው የደም ምርመራ ካልሲየማቸውም ቢታይ ጥሩ ነው።

ኦሜፕራዞል ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። ከሌቮታይሮክሲን ጋር አብረው ሊውጡት ይችላሉ። ሌቮታይሮክሲንን የሚቀንሰው አሲዱን ስለሚያሳንስ እንጂ እንደ አይረን ስለሚይዘው ስላልሆነ ማራራቁ ምንም አይጨምርም። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ? ለጥቂት ሳምንት የተሰጠ ኦሜፕራዞል ዓመታት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ሲረዝም ቫይታሚን ቢ12ን፣ ማግኒዥየምንና አይረንን ሊያሳንስ ይችላል። በድንገት ካቆሙት ግን ቃሩ ብሶ ሊመለስ ስለሚችል ይህም በሐኪም ይሁን።

እንግዲህ ፕሮግራሙ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት እንደነቁ ሌቮታይሮክሲንና ኦሜፕራዞል በውሃ። 1 ሰዓት ላይ ቁርስ፤ ከእሱ ጋር ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶችና አቶርቫስታቲን። ቡናቸውንም ያኔ ይጠጡ። 7 ሰዓት ላይ ምሳ፤ ከእሱ ጋር ካልሲየሙ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ አይረን፤ ሐኪሙ ከፈቀደ አንድ ቀን እያለፉ። ሁለቱን ጊዜ ምግቡ ራሱ ያስታውሳቸዋል። አላርም የሚያስፈልገው ለአይረኑ ብቻ ነው።

ከእራት በኋላ፦

እኔም ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ ዶክተሬ ፈቅዶልኝ ማታ አዙሬዋለሁ። ጠዋት ሥራ ስለምቸኩል ቁርሴን አንድ ሰዓት ማቆየት አልቻልኩም። አሁን እራት 1 ሰዓት ላይ እበላለሁ፤ ክኒኑን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስተኛ እውጣለሁ። ዋናው ደንብ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ 3 ሰዓት ማለፉ ነው። በመሃል ወተትም፣ ብስኩትም፣ ምንም የለም። ለእኔ በጣም ተመችቶኛል፤ ውጤቴም ጥሩ ነው።

እናትሽ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ ቡና ካልጠጡ የማይሆንላቸው ከሆነ ይህን አስቡበት። ያኔ አይረኑ ከቡናው ርቆ ወደ ጠዋት ሊመጣ ይችላል። ካልሲየሙ ግን እራት ላይ እንዳይሆን፤ 4 ሰዓቱ አይሞላም። እራት የሚመሽባቸው ወይም ሲተኙ ትንሽ ነገር መቅመስ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ማታው አይሆናቸውም፤ ጠዋት ይሻላቸዋል።

ሌላው፣ ለፀጉርና ለጥፍር ብለው ባዮቲን ይወስዱ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል። ቲኤስኤችን ከእውነተኛው ዝቅ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑን ቲ4ን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ይቆማል፤ ብዙ መጠን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። እኔ ይህን የሰማሁት ከላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እግዜር ይስጣትና ደሜን ከመቅዳቷ በፊት "ቫይታሚን ትወስጃለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም እንደዚያ ቢጠይቅ ስንቱን ባዳነ!

አባቱን አስታማሚ፦

የተጻፈውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። ለአባቴ በቀን አምስት ጊዜ የሚወሰድ ፕሮግራም ተሰጥቶት ነበር። ሰለቸው። መጀመሪያ የቀትሩን ተወው፤ ቀጥሎ የማታውን። እኛ እየወሰደ መስሎን ግፊቱ ሽቅብ ወጣ። ሰዓቱ ፍጹም ሆኖ ክኒኑ ካልተዋጠ ምን ይጠቅማል?

አንድ ደግ ፋርማሲስት ተቀምጦ ወደ ሁለት ጊዜ ሰበሰበለት። ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ፤ ማታ እራት ሲቀርብ። ለየቀኑ የተከፋፈለች የሳምንት ሳጥን ገዛን፤ እሑድ እሑድ አብረን እንሞላታለን። ከዚያ በኋላ አልዘለለም፤ ባዶውን ክፍል ሁላችንም ስለምናየው መጠያየቁም ቀረ። እሱም ደስ አለው፤ በየሰዓቱ "አባዬ ወሰድክ?" መባሉ ክብሩን ይነካው ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽ አራት ጊዜው ከበዛባቸው አትጫኛቸው። የግድ የሚራራቀውን ብቻ ለይታችሁ ሌላውን ሰብስቡት።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ አለኝ። የግፊት መድኃኒት ማታ ሲወሰድ ልብን ይበልጥ ይጠብቃል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? የአባቴን ወደ ማታ ላዙረው?

ሲስተር ተረኛ፦

ሰላም፣ ነርስ ነኝ። የማታው ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከዓመታት በፊት ማታ መውሰድ የልብ ድካምንና ስትሮክን በብዙ ይቀንሳል የሚል ጥናት ወጥቶ ወሬው በዓለም ተዳረሰ። ከዚያ በእንግሊዝ ታይም የተባለ ትልቅ ጥናት ተሠራ። ከ21,000 በላይ ሰዎች ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ እንዲወስዱ ሆኖ ከ5 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2022 ታተመ። ልዩነት የለም። ጠዋት የወሰደም ማታ የወሰደም በልብ ሕመምና በስትሮክ እኩል ሆኑ። ስለዚህ ወንድሜ፣ አባትህ በማይረሱበት ሰዓት ይውሰዱት። አምሎዲፒን ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ጥቂት ሰዓት ቢዛነፍ አይጎዳም።

ሽንት የሚያበዛው ግን ጠዋት ይሁን። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴሚድ ማታ ከተወሰዱ ሌሊቱን ሲነሱ ማደር ነው። አዛውንት በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ፤ የዳሌ አጥንት ይሰበራል። ይህ የሰዓት ጉዳይ ተራ ነገር የማይሆንበት ቦታ ነው፤ በሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

የኮሌስትሮሉ እንደ ዓይነቱ ነው። ሲምቫስታቲን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ማታ ይወሰዳል፤ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራው በብዛት ሌሊት ነው። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ጠዋትም ማታም ይሆናሉ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፣ ሰዓታቸው መከበር ያለባቸውን ሌሎች ልጥቀስ። ለአጥንት የሚሰጠው አሌንድሮኔት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥና ቢያንስ 30 ደቂቃ መተኛት ክልክል ነው፤ ጉሮሮ ያቆስላል። አንቲባዮቲኩ ዶክሲሳይክሊንም በብዙ ውሃ ነው፤ ውጦ ወዲያው አይተኛም። ሌላው አንቲባዮቲክ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት፣ ከካልሲየምና ከአይረን ጋር አይገናኝ። ብግነት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን በቀን አንዴ ከታዘዘ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ሲሆን ሆድ ብዙም አያስቸግርም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።

አንድ ክኒን ከተረሳ ደግሞ፣ ባብዛኛው ትዝ ሲል ይወሰዳል። የሚቀጥለው ከደረሰ ግን የተረሳው ይዘለላል። ለማካካስ ብሎ ሁለት መዋጥ የለም።

ጉልበት ፈላጊ፦

ይቅርታ፣ እኔ ታማሚ አይደለሁም፤ ግን ጥያቄው የእኔም ነው። ጠዋት መልቲቫይታሚን፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ 3 በባዶ ሆድ እወስዳለሁ። ማታ ማግኒዥየም። ከወሰድኩ በኋላ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸኛል። ሰዓቱ ነው?

የመድኃኒት ቤት መስኮት፦

ወንድሜ፣ ማቅለሽለሹ ከዚንኩ ይመስለኛል። ዚንክ በባዶ ሆድ ብዙ ሰው ያቅለሸልሻል። ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ 3ም ስብ ካለው ምግብ ጋር ነው የሚገቡት። ስለዚህ የጠዋቱን ሁሉ ከምግብ በኋላ አድርገው። ማግኒዥየሙ ማታም ጠዋትም ይሆናል፤ ተቅማጥ ካመጣብህ መጠኑን ቀንስ። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ዚንክ ካለ ደግሞ ሌላው ለምን አስፈለገ? ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የሰውነትን ኮፐር ያሳንሳል። መለያ ወረቀቱን አንብብና ደምረው።

የበኩር ልጅ፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። መልቲቫይታሚን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይረንና ካልሲየም አለ። ለቃር የሚላመጡ ክኒኖች ውስጥም ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም አለ። ሁሉም ሌቮታይሮክሲንን ይይዛሉ። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ጠዋት ጠዋት ከወሰዱ የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱትንም ሁሉ ጻፊ፤ "ቫይታሚን ብቻ ነው" ተብሎ የሚዘለል ነገር አይኑር።

አባቱን አስታማሚ ላልከው ደግሞ፣ እውነትህን ነው። እናቲቱ አራቱ ከበዛባቸው መጀመሪያ የሚታየው አይረኑ ነው። ሐኪሙ አንድ ቀን እያለፉ ካለ ጫናው በግማሽ ይቀንሳል። የደም ማነሱ ታክሞ የአይረን ክምችታቸው ሲሞላም አይረኑ ራሱ ይቆማል፤ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይደለም። ሌቮታይሮክሲን ለብቻው መሆኑ ግን አይቀርም።

የበኩር ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ መድኃኒቱ ጥራት የሌለው ነው እያልኩ ስጠራጠር ነበር።

ለእናቴ አነበብኩላት። ቡናዋን ማቆም የለባትም፣ ማቆየት ብቻ ነው ስላት ፊቷ ፈካ። ማታውን አልፈለገችም፤ እራት የምንበላው አምሽተን ነው። ጠዋቱን መርጣለች። ሌቮታይሮክሲኑንና አንድ ጠርሙስ ውሃ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣለሁ ብላለች፤ ለሶላት ወይም ለጸሎት እንደሚነሳ ሰው እኔም በጠዋት ስለምነቃ አስታውሳታለሁ።

ሐኪሟ ጋ ደውዬ ሰዓቱን እንደምናስተካክል ነገርኩት። በጣም አመሰገነኝ። መጠኑ ባለበት 100 ላይ እንዲቆይና ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች እንዲለካ አዘዘ። ካልሲየሙንም አብሮ ጻፈው። የልብ ምቷ ከፈጠነ ወዲያው እንድናመጣት ተናግሯል። አይረኑን አንድ ቀን እያለፈች እንድትወስድ ተስማምቷል። የደም ማነሱን ምክንያት ስጠይቀው ግን ዝም ብሎ ፋይሏን አገላበጠ፤ ለካ ማንም አላጣራውም። የሰገራ ምርመራና የሆድ ዕቃ ሐኪም ቀጠሮ ተሰጥቶናል። ኦሜፕራዞሉንም የሆድ ዕቃው ሐኪም ይወስን ብሎ አስተላልፎታል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ደም የምትሰጥበት ቀን ጠዋት ሌቮታይሮክሲኑን ውጣ ትሂድ ወይስ ሳትውጥ? ላቦራቶሪው የሚከፈተው 2 ሰዓት ላይ ነው።

የመድኃኒት ቤት መስኮት፦

ምክንያቱ እንዲጣራ በመወሰኑ ከሁሉ በላይ ደስ ብሎኛል፤ ቀጠሮውን እንዳታሳልፉት። የሆድ ዕቃ ሐኪሙ ጋ ስትሄዱም ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ አይረን እየወሰዱ መሆኑን ይወቅ። ለአንዳንድ የሆድ ዕቃ ምርመራ አይረን ከቀናት በፊት እንዲቆም ስለሚያዝ መቼ እንደሚቆም ጠይቁት።

ለጥያቄሽ፦ ሳይውጡ ይሂዱ። ቲኤስኤች ራሱ በአንድ ጠዋት ክኒን ብዙም አይለወጥም። ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) አብሮ ከታዘዘ ግን ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙንም ያሳስተዋል። ክኒኑን በቦርሳ ይዘሽላቸው ሂጂ። ደሙ እንደተቀዳ እዚያው በውሃ ይዋጡት፤ ቁርሳቸውንና ቡናቸውን ከዚያ አንድ ሰዓት ያቆዩ። በየምርመራው እንዲሁ አድርጉ፤ ያኔ የዛሬው ቁጥር ከሚቀጥለው ጋር በትክክል ይነጻጸራል።